ውኃው ከክፍሉ በታች ቀዘቀዘ፤ ለውጥን በሞዴል ስለ ማስተማር

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ 40 ናቸው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ሁለት የሙቀት ሴንሰሮች አሉን፤ ስልክ ደግሞ ለአምስት ተማሪ አንድ ይደርሳል። ኤክስፖነንሻል ፈንክሽንን ከእውነተኛ ለውጥ ጋር ላገናኝ ብዬ ሙቅ ውኃ ሲቀዘቅዝ አስለካኋቸው። ቁጥሮቹን ስፕሬድሺት ላይ አስገብተው ትሬንድላይን (በነጥቦቹ አጠገብ የሚያልፍ ኩርባ) ሲያወጡ ግማሾቹ ስድስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያል መረጡ፤ ምክንያታቸው አር ስኩዌሩ፣ ማለትም ኩርባው ለነጥቦቹ ምን ያህል እንደቀረበ የሚናገረው ከ1 የማይበልጥ ቁጥር፣ 0.999 መሆኑ ነው። ኤክስፖነንሻል የመረጡት ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውኃው 7 ዲግሪ ይሆናል አሉኝ፤ ክፍሉ 22 ዲግሪ ሆኖ ሳለ! ለማስረዳት ስሞክር 40 ደቂቃው አለቀ። ቴክኖሎጂውን ትቼ ወደ ሰሌዳው ብመለስ አይሻልም?

መልስ፦ ውድ መምህር፣

ሰሌዳውንም ላፕቶፑንም አይተዉ፤ መቀየር ያለበት ቅደም ተከተላቸው ነው። ተማሪዎችዎ ኩርባ መረጡ እንጂ ሞዴል አልሠሩም። ትሬንድላይን የሚያውቀው በተሰጡት ነጥቦች አጠገብ የሚያልፍ መስመር መፈለግን ብቻ ነው። ነጥቦቹ የውኃ ሙቀት ይሁኑ የሕዝብ ቁጥር ለእሱ ለውጥ የለውም። ሞዴል ግን የሚነሳው ከአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ይህ ነገር የሚፈጥነውና የሚዘገየው በምን ምክንያት ነው? ተማሪው ይህን በራሱ አንደበት ተናግሮ፣ በደብተሩ ጽፎ፣ ግምቱንም ካስቀመጠ በኋላ ነው መሣሪያው ሊገባ የሚገባው። ያለዚያ ላፕቶፑ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

አስቀድመን ያችን 7 ዲግሪ እንፍታት፤ ትምህርቱ ሁሉ እሷ ውስጥ አለ። ስፕሬድሺት ኤክስፖነንሻል ብሎ የሚያቀርበው ኩርባ ማረፊያው ዜሮ ብቻ ነው። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሌላ ቦታ ላይ ሊያርፍ አይችልም። ውኃው ግን የሚያርፈው በክፍሉ ሙቀት ላይ ነው። በቁጥር እንየው። ሙ ሙቀቱን፣ ጊ ደቂቃውን፣ ኢ ደግሞ 2.718 ገደማ የሆነውን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት ይወክሉልን። መነሻው 80 ዲግሪ፣ ክፍሉ 22 ዲግሪ፣ የመቀዝቀዣው ቋሚ ቁጥር በደቂቃ 0.03 ቢሆን ሞዴሉ

ሙ = 22 + 58 × ኢ^(−0.03 × ጊ)

ነው። ይህ በ10 ደቂቃ 65.0፣ በ20 ደቂቃ 53.8 ዲግሪ ይሰጣል። አሁን በ0 እና በ20 ደቂቃ ላይ በእነዚሁ ንባቦች የሚያልፍ፣ ማረፊያው ግን ዜሮ የሆነ ኩርባ ይሳሉ። በ10 ደቂቃ 65.6 ይላል። ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ልዩነት በፕሮጀክተር ላይ ለዓይን አይታይም፤ አር ስኩዌሩም ከፍ እንዳለ ይቀራል። በ120 ደቂቃ ግን የመጀመሪያው 23.6 ሲል ሁለተኛው 7.4 ይላል። ተማሪዎችዎ ያገኙት ይህንን ነው። በለኩበት 20 ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ሞዴሎች መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያዩት ማንም ባልለካበት ቦታ ነው። እዚያ ደግሞ የሚያዋጣው ስለ ለውጡ የያዝነው ግምት እንጂ የነጥቦቹ ብዛት አይደለም።

ግምቱ የአይዛክ ኒውተን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1701 ያወጣው። በየደቂቃው የሚጠፋው ሙቀት በዕቃውና በአካባቢው መካከል ካለው ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ ነው ይላል። ተማሪ ቀመሩን ሳያይ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። «ውኃው 80 ሲሆንና 30 ሲሆን፣ በየትኛው ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል? 22 ላይ ሲደርስስ?» ብለው ይጠይቁ። የመጨረሻዋ ጥያቄ መልሷ «ምንም» ነው፤ ይህችን «ምንም» ያለ ተማሪ 7 ዲግሪ የሚል ግራፍ ሲያይ ራሱ ይነሳበታል።

ስለዚህ እንዲሳል የምንመክረው የመጀመሪያ ግራፍ የሙቀትና የጊዜ አይደለም። በአግድም አክሲስ ሙቀቱ፣ በቁም አክሲስ በደቂቃ የወረደው ዲግሪ ይሁን። በየሁለት ደቂቃው ንባብ ይውሰዱ፣ ሁለት ተከታታይ ንባቦችን ይቀንሱ፣ ለ2 ያካፍሉ። ከላይ ባለው ምሳሌ ውኃው በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ከ80 ወደ 76.6 ይወርዳል፤ በደቂቃ 1.69 ዲግሪ መሆኑ ነው። ይህን ቁጥር ከ80 ጋር አያጣምሩት፤ ከመካከለኛው፣ ማለትም ከ78.3 ጋር ያጣምሩት። 1.69 ከክፍሉ ጋር ላለው ልዩነት፣ ለ56.3 ሲካፈል 0.030 ይወጣል። በመነሻው ልዩነት፣ በ58 ቢያካፍሉት ግን 0.029 ይሆናል፤ ስህተቷ ትንሽ ብትሆንም በሁሉም ረድፍ ወደ አንድ ወገን ታጋድላለች። ነጥቦቹ ቀጥታ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። የመስመሩ ተዳፋት 0.03 ነው፤ አግድም አክሲሱን የሚነካው ደግሞ 22 ላይ ነው። ቴርሞሜትር ያላየው ተማሪ የክፍሉን ሙቀት ከግራፍ ያነባል! ለዚህ ቅጽበት ሲባል ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢሰጥ አያስቆጭም።

ንባቡ በየሁለት ደቂቃው የሆነበት ምክንያት አለው። ሴንሰሩ በየሰከንዱ እንዲመዘግብ ከተተወ በ20 ደቂቃ 1200 ነጥብ ይከመራል። ውኃው በመጀመሪያው ደቂቃ በሰከንድ 0.03 ዲግሪ ብቻ ይወርዳል፤ የብዙ ሴንሰሮች የመጨረሻ ዲጂት ደግሞ 0.1 ነው። በሰከንድ ልዩነት የተሠራ ዓምድ ስለዚህ ዜሮ፣ ዜሮ፣ 0.1፣ ዜሮ እያለ ይሄዳል፤ ግራፉም ለውጥን ሳይሆን የሴንሰሩን ጥርስ ያሳያል። በየ30 ሰከንዱ መዝግቦ የለውጡን ስሌት በሁለት ደቂቃ መስኮት መሥራት ይበቃል።

ልኬቱ ላይ የሚበላሸውን እንጥቀስ፤ ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ጥፋተኛ የሚባለው በሌላው ሥራ ነው። ክፍት ኩባያ ሲጀምር ከሞዴሉ ይልቅ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ በጣም የጋለ ውኃ በትነት የሚያጣው ሙቀት ብዙ ስለሆነ ነው። ለሴንሰሩ ብቻ ቀዳዳ ያለው የካርቶን ክዳን ይልበስ። ሴንሰሩ ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ሙቀቱን እስኪይዝ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ንባቦች ወደ ላይ ይወጣሉ። መቁጠር የሚጀመረው ንባቡ ከፍተኛው ላይ ደርሶ መውረድ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያ ቅጽበት ዜሮ ደቂቃ ይባል። የሴንሰሩ ጫፍ የኩባያውን ወለልም ግድግዳም አይንካ፤ ከንባብ በፊት ቀስ ብሎ ማማሰል ይጠቅማል። ሁለቱን ሴንሰሮች አስቀድመው አንድ ዕቃ ውኃ ውስጥ አብረው ይንከሩ። የግማሽ ዲግሪ ልዩነት ቢያሳዩ ደንብ ነው፤ አንዱ ውኃውን ሌላው ክፍሉን ሲለካ ግን ያ ልዩነት ተደምሮ ወይም ተቀንሶ መስተካከል አለበት። የክፍሉን ሙቀት በመጀመሪያም በመጨረሻም ይለኩ፤ 40 ሰው የተቀመጠበት ክፍል በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይሞቃል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ጠረጴዛ ደግሞ የባሰ ነው። ሙቁን ውኃ ራስዎ ብቻ ይቅዱ፤ ኩባያውም ጠርዝ ባለው ትሪ ላይ ይቀመጥ።

40 ደቂቃ ስለ ማነሱ፦ የሚቆረጠው ውኃው ነው። 50 ሚሊ ሊትር በስስ ብርጭቆ ውስጥ ከ200 ሚሊ ሊትር በብዙ ይፈጥናል፤ ሙቀት የሚወጣበት ገጽ ከውኃው መጠን ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ስለሆነ ነው። ከዚህም የፈጠነ ከፈለጉ ኩባያውን ይተዉት። ሴንሰሩን ራሱን ሙቅ ውኃ ውስጥ አግለው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ በአየር ላይ ይያዙት፤ በጥቂት ደቂቃዎች ሙሉ ኩርባ ይሰጣል። ማድረቁን ግን አይርሱት። እርጥብ ሴንሰር ላዩ ላይ ያለው ውኃ እየተነነ ስለሚያቀዘቅዘው ንባቡ ከክፍሉ በታች ይወርዳል፤ ተማሪዎችዎም ያ የ7 ዲግሪ ግራፍ ትክክል ነበር ማለት ይጀምራሉ። (ሞዴሉን በደንብ ለያዘ ክፍል እርጥቡን ሆን ብሎ ማሳየት ግሩም ጥያቄ ይወልዳል፤ ለመጀመሪያ ቀን ግን አይሆንም።)

ሥራውን በሁለት ክፍለ ጊዜ ይክፈሉት። በመጀመሪያው ቀን በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች እያንዳንዱ ተማሪ የሚጠብቀውን ኩርባ በእርሳስ ይሳል፤ ቅርጹን፣ መነሻውን፣ ማረፊያውን። ከዚያ ውኃው ይቀዳ፤ ግራፉ በፕሮጀክተር ላይ ቀጥታ ይውጣ። 10ኛው ደቂቃ ላይ ፕሮጀክተሩን ይሸፍኑና «በ20ኛው ደቂቃ ስንት ይሆናል?» ብለው በጽሑፍ ያስገምቱ። ብዙዎቹ እስካሁን ያዩትን ቁልቁለት በቀጥታ ያራዝሙታል። በምሳሌያችን ከ0 እስከ 10 ደቂቃ 15 ዲግሪ ስለ ወረደ 50 ዲግሪ ይላሉ፤ ሴንሰሩ ግን 53.8 ያሳያል። «ለምን ዘገየ?» የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ከእርስዎ ሳይሆን ከራሳቸው ይመጣል። ፋይሉን አስቀምጠው ይበተኑ። በሁለተኛው ቀን ከላይ ያልነው የለውጥ ግራፍ፣ ከዚያም ቀመሩ።

ቀመሩን ለመግጠም በስላይደር (ቁጥርን በማንሸራተት በሚቀይር ቁልፍ) እንዲጀምሩ እንመክራለን፤ ግራፍ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ጂኦጀብራም ዴስሞስም አላቸው፤ የሁለቱም የስልክ መተግበሪያ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ሦስት ስላይደር ይሠራ፦ የክፍሉ ሙቀት፣ የመነሻው ልዩነት፣ ቋሚው ቁጥር። የመጀመሪያውን ቴርሞሜትሩ ባለው ላይ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ንባብ የክፍሉ ሙቀት ተቀንሶ በሚገኘው ላይ ያስቁሙና ይተዉት። የቀረችው አንዲት ስላይደር ናት፤ ተማሪው እሷን ከ0.01 እስከ 0.10 ሲያንሸራትት ቋሚው ቁጥር ምን እንደሚሠራ በጣቱ ይማራል። ሦስቱም አብረው ከተለቀቁ ግን አንዱ የሌላውን ስህተት ስለሚሸፍን የክፍሉን ሙቀት 35 ያደረገ ቡድንም «ገጠመልኝ» ይላል። ከዚህ በኋላ ዴስሞስ ራሱ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል፦ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ አስገብቶ፣ ቀመሩን ከነማረፊያው ጽፎ፣ በእኩል ምልክት ፋንታ የሞገድ ምልክት (~) ማስገባት ነው። መልሱ እንግዳ ከሆነ ለቋሚው ቁጥር በመጠምዘዣ ቅንፍ ከ0 በላይ፣ ከ1 በታች የሚል ገደብ ይጨመርለት። ስፕሬድሺት ብቻ ካለ ከእያንዳንዱ ንባብ 22 የሚቀንስ አዲስ ዓምድ ሠርተው ኤክስፖነንሻሉን በዚያ ዓምድ ላይ ያስገጥሙ፤ ሲጨርሱ 22ን መልሰው ይደምሩ። በዚህ መንገድ ሲሄዱ ልዩነቱ ከ5 ዲግሪ በታች የሆኑትን ንባቦች ይተዉ። ስፕሬድሺት ውስጥ ውስጡን የሚሠራው በሎጋሪዝም ነው፤ 0.5 ዲግሪ ልዩነት ላይ የ0.1 ስህተት 20 በመቶ ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ነጥቦች መስመሩን ሁሉ ይጎትቱታል። ንባቡ ከ22 በታች ቢንሸራተት ደግሞ የአሉታዊ ቁጥር ሎጋሪዝም ስለሌለ ትእዛዙ ጭራሽ ይከለከላል።

ስፕሬድሺትን ካነሳን፣ ክፍል ውስጥ ሰዓት የሚበሉ አራት ወጥመዶች አሉት። ግራፉ ስካተር ይሁን፤ ላይን የሚባለውን የመረጠ ተማሪ ግራፉ ትክክል ይመስለዋል፤ ፕሮግራሙ ግን ጊዜውን ወደ ጎን ትቶ ነጥቦቹን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ስለሚቆጥር የቀመሩ ቋሚ ቁጥር ሐሰት ይሆናል። ሁለተኛ፣ 12 ደቂቃ ከ30 ሰከንድን 12:30 ብለው አይጻፉ፤ ከቀትር በኋላ ያለ ሰዓት አድርጎ ይወስደውና ወደ ቀን ክፍልፋይ ይለውጠዋል። 12.5 ይበሉ። ሦስተኛ፣ በግራፉ ላይ የሚታየው ቀመር የተጠጋጋ ነው። ተማሪው ከዚያ ቀድቶ ሲያሰላ ኩርባው ከነጥቦቹ ርቆ ይወጣል፤ በተለይ ከፍተኛ ዲግሪ ያለው ፖሊኖሚያል። ቀመሩን ተጭነው የቁጥሩን አቀራረብ ወደ ሳይንቲፊክ ቀይረው ዲጂት ይጨምሩለት። አራተኛው የዓመተ ምሕረት ዳታ ላይ ነው፤ 2010፣ 2011 እያሉ ለኤክስፖነንሻል ማስገባት መነሻውን ትርጉም የለሽ ቁጥር ያደርገዋል። 2010ን ዜሮ ብለው ከዚያ ይቁጠሩ።

ኤክስፖነንሻልን ገና ያልተማረ ክፍል ቢገጥምዎ ስፕሬድሺቱ ያለ ቀመሩ ሊሠራ ይችላል፤ በእኛ ግምት እንዲያውም ይህኛው መንገድ ለለውጥ ትምህርት ይበልጣል። አንድ ሴል ላይ የክፍሉን ሙቀት፣ አንድ ላይ ቋሚውን፣ አንድ ላይ የእርምጃውን ርዝመት በደቂቃ ያስቀምጡ። ከዚያ ዓምዱ እንዲህ ይወርዳል፦ አዲሱ ሙቀት = የበፊቱ − ቋሚው × እርምጃው × (የበፊቱ − የክፍሉ)። ሦስቱን ሴሎች በዶላር ምልክት ማሰርን አይርሱ፤ ሳይታሰሩ ወደ ታች ከተጎተቱ ባዶ ሴል ያነባሉ፤ ሙቀቱም ባለበት ይቆማል። በ5 ደቂቃ እርምጃ 10ኛው ደቂቃ ላይ 63.9 ይወጣል፤ በ1 ደቂቃ 64.8፤ እውነተኛው 65.0 ነበር። እርምጃ ባጠረ ቁጥር ወደ እውነቱ ይጠጋል። አሁን እርምጃውን 40 ያድርጉት፤ በአንድ ዝላይ ከ80 ወደ 10.4 ይወርዳል፤ ከክፍሉ በታች! እዚህ ላይ ግምቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የእርምጃው ርዝመት ነው። የመጀመሪያውን ፍጥነት ይዞ ለ40 ደቂቃ ሳያይ ስለ ነጎደ ነው። ተማሪ የሞዴልን ስህተት ከስሌት ስህተት የሚለየው በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ወደ ፖሊኖሚያሉ እንመለስ። አትምረጡት ብሎ መከልከል አያስተምርም። ሁለት ነገር ያስደርጓቸው። አንደኛ፣ ኩርባቸውን እስከ 60 ደቂቃ ያራዝሙት፤ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ምድር ይወረወራል፤ የኒውተኑ ግን 31.6 ላይ ቀስ እያለ ነው። ሁለተኛ፣ «በፖሊኖሚያላችሁ ቀመር ውስጥ ካሉት ሰባት ቁጥሮች አንዱን መርጣችሁ ምን እንደሚለካ ከነመለኪያው ንገሩኝ» ይበሏቸው። በሞዴሉ ውስጥ 22 ዲግሪ ነው፣ 58 ዲግሪ ነው፣ 0.03 በደቂቃ ነው፤ ኩባያው ቢቀየር የትኛው እንደሚለወጥ ይታወቃል። በፖሊኖሚያሉ ውስጥ ግን የስድስተኛው ዲግሪ ቁጥር ስለ ኩባያው የሚነግረን ነገር የለም። አር ስኩዌርንም በዚሁ ቦታውን ያሳዩት። ነጥቦቹ ምን ያህል እንደቀረቡ ይናገራል፤ ስህተቶቹ ሥርዓት ይዘው መሰለፋቸውን ግን አይናገርም። ያንን የሚያሳየው የቀሪዎች ግራፍ ነው፦ ከእያንዳንዱ ንባብ የሞዴሉን ግምት ቀንሶ ቀሪውን በጊዜ ላይ መሳል። ቀሪዎቹ ከዜሮ በላይና በታች ተበታትነው ከሆነ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ላይ ከዜሮ በላይ፣ መሐል ላይ በታች፣ መጨረሻ ላይ እንደገና በላይ ሆነው ቀስት ከሠሩ ሞዴሉ አንድ ነገር ረስቷል፤ አር ስኩዌሩ 0.99 ቢሆንም። ዜሮ ላይ የሚያርፈው ኩርባ በዚህ ግራፍ ወዲያው ይጋለጣል። ጂኦጀብራ በሁለት ተለዋዋጮች የሪግሬሽን ትንታኔው ውስጥ ይህን ግራፍ ይሠራል፤ ዴስሞስም ቀሪዎቹን ራሱ ያወጣና ይሥላል።

ከማቀዝቀዙ ቀጥሎ ምን? ተማሪ «እየቀነሰ የሚሄድ ሁሉ ኤክስፖነንሻል ነው» ብሎ እንዳይደመድም ተቃራኒ ምሳሌ ወዲያው ይከተል። ከሥሩ የተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሁሉ ይሻላል። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይሁን፤ 4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በጋለ ሚስማር ይበሳ፤ ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ላይ የሚቆጥር ማስመሪያ ይለጠፍበት፤ በ20 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይጀመር፤ ስልክ በውኃው ትይዩ ቆሞ ቪዲዮ ይቅረጽ። ክዳኑ ይከፈት፤ ተዘግቶ ከቀረ አየር ስለማይገባ ውኃው እየተቆራረጠ ይወርዳል። ከዚያ ቪዲዮውን በየ10 ሰከንዱ እያቆሙ ከፍታውን ያነባሉ።

ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ቶሪቸሊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው የሚወጣው ውኃ ፍጥነት ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ ያማረ ነው፤ የከፍታው ስኩዌር ሩት ከጊዜ ጋር በቀጥታ መስመር ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ዓምድ ጨምረው የከፍታውን ስኩዌር ሩት ቢስሉ ኩርባው ይቃናል። ያለ ቀመርም የሚለይ ፈተና አለ፦ በግማሽ ለመቀነስ የሚፈጀውን ጊዜ ደጋግሞ መለካት። ኤክስፖነንሻል ቢሆን ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር እኩል ጊዜ ይወስድ ነበር። በጠርሙሱ ላይ ግን ባዶ እስኪሆን ከሚፈጀው ጠቅላላ ጊዜ የመጀመሪያው 29 በመቶ፣ ሁለተኛው 21 በመቶ፣ ሦስተኛው 15 በመቶ ገደማ ይወስዳል። ጠቅላላው 200 ሰከንድ ከሆነ 59፣ 41፣ 29 ሰከንድ መሆኑ ነው። (በማቀዝቀዙ ላይ ይህን ፈተና ሲጠቀሙ በግማሽ የሚቀነሰው ከክፍሉ ጋር ያለው ልዩነት እንጂ ንባቡ አይደለም፤ በምሳሌያችን በየ23 ደቂቃው።)

ጎበዝ ተማሪ ካለዎት ጊዜውን አስቀድሞ ያስላ። የጠርሙሱ ስፋት የቀዳዳውን 25 እጥፍ ስለሆነ የጠርሙሱ ኤሪያ የቀዳዳውን ኤሪያ 625 እጥፍ ይሆናል፤ በንጹሕ ቀመር 126 ሰከንድ ይወጣል። ሰዓቱ ግን 200 ሰከንድ ገደማ ይላል። ልዩነቱ የልኬት ስህተት አይደለም። ውኃው ከቀዳዳው ሲወጣ ስለሚሰበሰብ ጅረቱ ከቀዳዳው ይቀጥናል፤ የሚወጣው መጠን ከንጹሑ ስሌት 0.6 ገደማ ብቻ ነው፤ 126ን ለ0.6 ሲያካፍሉ 210 ይሆናል። የቅርጹ ሕግ ትክክል ሆኖ ቋሚው ቁጥር ብቻ ሊስተካከል እንደሚችል ማየት ትልቅ ነገር ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሴንቲ ሜትሮች ከዳታው ያውጡ፤ የጠርሙሱ ሥር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ጅረቱም ወደ ጠብታ ይለወጣል።

ለማደግ ደግሞ ሴንሰር አያስፈልግም፤ 40ዎቹ ተማሪዎች ይበቃሉ። ከ1 እስከ 40 ቁጥር ይስጧቸው። አንድ ተማሪ «ወሬው» አለው። በየዙሩ ወሬው ያለው ሁሉ ከ1 እስከ 40 አንድ ቁጥር በዕጣ ያወጣል፤ ስልክ ወይም ስፕሬድሺቱ ራንድቢትዊን በሚባለው ትእዛዝ ያወጣለታል፤ የወጣበት ተማሪ ወሬውን ይይዛል። የያዙት ቁጥር በየዙሩ በፕሮጀክተሩ ላይ ይመዝገብ። ስፕሬድሺቱ ሌላ ሴል በተነካ ቁጥር ዕጣውን ሁሉ እንደገና እንደሚያወጣ ያስታውሱ፤ ዙሩ እንደወጣ ቁጥሮቹን ቀድተው እንደ ተራ ቁጥር ይለጥፏቸው፤ ያለዚያ ክፍሉ ይጨቃጨቃል። መጀመሪያ በየዙሩ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ከመሐል ፍጥነቱ ይበርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ8ኛው ወይም በ9ኛው ዙር ከ35 በላይ ይደርሳል፤ የመጨረሻዎቹ ጥቂቶች ግን ዙር ይፈጃሉ። ቤልጅየማዊው የሒሳብ ሊቅ ቨርሁልስት እ.ኤ.አ. በ1838 ለሕዝብ ዕድገት ያቀረበው የሎጂስቲክ ኩርባ ቅርጹ ይህ ነው።

ተማሪዎቹ ሞዴሉን ራሳቸው ይጻፉት፦ አዲስ የሚይዙ = የያዙት × ያልያዙት ÷ 40። ከዚያ ከጨዋታው ጋር ያነጻጽሩ። ሞዴሉ መሐል ላይ አብዝቶ ይገምታል። 20 ሰው ሲይዝ በሚቀጥለው ዙር 10 ይጨመራል ይላል፤ ጨዋታው ግን በአማካይ 8 ይጨምራል። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ ይስጧቸው፤ ያገኙታል፤ ሁለት ሰዎች አንድ ያልያዘ ተማሪ ላይ ዕጣ ሲያወጡ ሞዴሉ ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል። ለአንድ ያልያዘ ተማሪ ከ20ዎቹ ዕጣዎች አንዱም ሳይደርሰው የመቅረት ዕድሉ 0.975 በ20 አርቢ፣ ማለትም 0.60 ነው፤ ስለዚህ ከ20ዎቹ 40 በመቶው፣ 8 ያህሉ ይይዛሉ። ጨዋታውን አንድ ጊዜ ብቻ መጫወት አይበቃም፤ ዕጣ ስለሆነ አንዳንዱ ዘግይቶ ይነሳል። ሦስት ጊዜ ተጫውተው አማካዩን ይሳሉ።

ነጥብ አሰጣጡን በአጭሩ፦ ከ10 ነጥብ 3ቱ ከልኬቱ በፊት ለተጻፈው ግምትና ምክንያት ይሁን፤ ግምቱ ቢሳሳትም አይቀነስ። 3ቱ ለእያንዳንዱ ቋሚ ቁጥር ትርጉምና መለኪያ፣ 2ቱ ለቀሪዎች ግራፍና ለንባቡ፣ 2ቱ ሞዴሉ ከየት እስከ የት እንደሚሠራ ለተጻፈ ዓረፍተ ነገር። ለአር ስኩዌር ነጥብ አይስጡ፤ ተማሪ ነጥብ ያለበትን ያሳድዳል።

ለሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አዲስ ነገር መፈለግ የለብዎትም። ያቺን 7 ዲግሪ የሚል ግራፍ አልሰረዟት ከሆነ ፕሮጀክተሩ ላይ መልሰው ያውጧት፤ የሠራት ቡድን እንዳያፍር ስም አይጥቀሱ። ከጎኗ «ክፍሉ 22 ዲግሪ ነው» ብለው ሰሌዳው ላይ ይጻፉና ለሁለት ደቂቃ ዝም ይበሉ። መጀመሪያ እጅ የሚያወጣው ተማሪ «ውኃው መቆም የነበረበት…» ብሎ ሲጀምር ጠመኔውን ለእሱ ይስጡት።